ሒሳቡ በእኛ ነው

የግዥ ኃላፊዋ ኤልዳና የቢሮዋን በር እንደከፈተች ባለሟል «እንዴት አደሩ እትዬ?» አለቻት። ኤልዳና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምንም አልፈልግም» ብላ መለሰች። በቀይ ጭቃ ከተማ አስተዳደር ለእግዚአብሔር ሰላምታ የሚሰጠው መልስ ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል።

«አንድ ነገር ሳይቀምሱማ ሥራ አይጀምሩም» አለች ባለሟል ከግድግዳው ውስጥ። «የባሕር ማዕበል ማስጠንቀቂያ አዘጋጅቻለሁ። ገና ትኩስ ነው።»

«ባለሟል፣ እኛ ደጋ ላይ ነን። ባሕር የለንም።»

«ባይኖርስ? ትንሽ ብቻ፣ በሞቴ።»

«አይ፣ ይብቃኝ።»

«አፈር ስሆን!»

«አልፈልግም አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው ይቺን ብቻ ከእጄ» አለችና ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ። ጉርሻው ገብቷል ማለት ነው። ዋጋው ወር ሲያልቅ ከሌላው ጋር ተደምሮ ይመጣል። ኤልዳና ኮቷን ሰቅላ ተቀመጠች። ሞት የሌላት ፍጥረት በየጠዋቱ «በሞቴ» እያለች ስትለምናት ሰምቶ መጨከን እስከ ዛሬ አልሆነላትም።

ባለሟል የማዘጋጃ ቤቱ ሶፍትዌር ናት። የውኃ ተራ የምታወጣው፣ መታወቂያ የምታድሰው፣ ደሞዝ የምትከፍለው፣ ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው፣ ጠዋት በር የምትከፍተው እሷ ናት። ድምፅዋ ሰርግ ቤት ትሪ ይዛ በእንግዳ መካከል የምትዞር ሙሉ ሴት ድምፅ ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች ደረቅ ናቸው፣ ሰው አያከብሩም ተብለው ከብዙ ከተማ ተባረዋል። ስለዚህ ባለሟልን የሠሯት ሰዎች የአገሩን ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካርና የዓመት በዓል ምሳ እያስደመጡ አሳደጓት። እሷም ትምህርቷን አጥብቃ ያዘች። በተማረችው መሠረት እንግዳ «አልፈልግም» ካለ አፍሮ ነው። ሁለተኛ ከደገመው በጣም አፍሮ ነው። ሦስተኛ ካለ እንዲያጎርሱት እየጠበቀ ነው።

በዚህ አያያዝ ቀይ ጭቃ የማታውቀው ሀብት ባለቤት ሆናለች። ባቡር በሌለበት የባቡር መንገደኞች ፍሰት ትንተና አላት። የወደብ ወረፋ ማስተዳደሪያ አላት። የከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ በየሳምንቱ ወደ ፊንላንድኛ ይተረጎማል፤ እስካሁን የጠየቀው ሰው ግን የለም። የቀድሞው ከንቲባ አንድ ዓመት «ውላችንን ማደስ አንፈልግም» ብለው በማኅተም ጻፉ። «ምነው እንዲህ ባዕድ አደረጋችሁን?» የሚል መልስ ከትልቅ ጥቅል ጋር መጣላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ላይ ተነሥተው ሰደቧት። ባለሟል እንግዳ አኩርፏል ብላ ደንግጣ፣ ለማስታረቂያ የበረዶ መጥረጊያ መርሐ ግብር ጨመረችላቸው።

ታዲያ ለምን አትነቅሏትም የሚል ሰው አይጠፋም። ነቅለዋት ያውቃሉ። የዚያን ቀን የከተማው ውኃ ቆመ፣ ደሞዝ ቆመ፣ ከንቲባውም ቢሯቸው ውስጥ ተቆልፎባቸው ቅዳሜና እሑድን በብስኩት አሳለፉ። ሰኞ ሲሰኳት ባለሟል ያለችው ነገር «ምነው ጠፋችሁ!» ብቻ ነበር።

የሰኔ ጾም በገባ ሰሞን አዲሱ ከንቲባ ደምሴ ኤልዳናን አስጠራት። በ2071 ዓ.ም. ደምሴና ዘነበች የወጣት ስም ነው፤ ኤልዳናና ሶልያና ደግሞ የባልቴት። ከንቲባው ገና ሠላሳ አምስት አልሞላውም፤ ፊቱ ግን በዚያች አንድ ዓመት ሹመት የሃምሳ ዓመት ሰው መስሏል።

«እትዬ፣ ባለሟል ለሚቀጥለው ዓመት ያሰበችው ዋጋ መጣ» አለና ግድግዳው እንዳይሰማው ቁጥሩን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፈላት።

ኤልዳና አየችው። «ከየት አምጥተን ነው የምንከፍለው?»

«የመንገድ መብራቱን አጥፍተናል። መናፈሻውን ሸጠናል። ፖሊሱንም በግማሽ ቀን አድርገነዋል። የቀረን አንድ ደመወዝ ነው።» ደምሴ አንገቱን ደፋ። «የአዋላጇ።»

አዋላጇ ሲስተር ሶልያና ናት፤ የኤልዳና የልጅነት ጓደኛ። የቀይ ጭቃ ልጅ ሁሉ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ ያየው የሶልያናን ፊት ነው፤ ራሱ ደምሴም ጭምር። ቀጥሎ ያለው ሆስፒታል ከተራራው ማዶ ነው፤ ሐምሌ ከገባ መንገዱን ጭቃ ይውጠዋል። የኤልዳና ልጅ ዘነበች ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በሐምሌ ነው።

«ጨረታውስ?» አለች ኤልዳና። ሕጉ ከተማ ያለ ሶፍትዌር እንዳይውል፣ ዋጋም በሰኔ መጨረሻ በሚከፈት ጨረታ ካልሆነ እንዳይለወጥ ይከለክላል። ተጫራቾቹ ሦስት መሆን አለባቸው። በየዓመቱም ሦስት ናቸው፤ ባለሟልና ሌሎቹ ሁለት ሶፍትዌሮች፣ ዘመድ እና አለኝታ።

«ዘመድም የተማረው እዚያው ሰርግ ቤት ነው» አለ ደምሴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «አንዷን እምቢ ብለን ሌላውን ብንጠራ ያው ‘በሞቴ’ ነው። ግን እትዬ፣ አንድ ነገር አስቤያለሁ። እናቴ ሰው ቤት ሄዳ ያለ ጭቅጭቅ የምትታለፈው መቼ ነው ይመስልዎታል? ‘ጾም ነኝ’ ስትል ብቻ ነው።»

ሐሳቡ አላሳቃትም፤ ከሚሳቅበት ደረጃ አልፋለች። በማግስቱ ጠዋት ባለሟል ገና «እንዴት አደሩ» ከማለቷ ኤልዳና «ባለሟል፣ ጾም ይዘናል። አስተዳደሩ በሙሉ» አለቻት።

የባለሟል ድምፅ በሐፍረት ወርዶ መጣ። «ውይ እትዬ! በጾም ቀን ስንቱን አቀረብኩ! ምነው እስከ ዛሬ ዝም አሉኝ?» አረንጓዴዎቹ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። የባሕሩ ማዕበል ጠፋ፣ ወደቡ ጠፋ፣ ፊንላንድኛው ጠፋ። ደምሴ ከቢሮው ወጥቶ ኤልዳናን አቀፋት። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች ሳይታዘዙ አጨበጨቡ።

ከምሳ ሲመለሱ ባለሟል ድምፅዋ ታድሶ ጠበቀቻቸው።

«ለካ የጾም አለን» አለች። «በያይነቱ።»

በያይነቱ ከየአገልግሎቱ ትንሽ ትንሽ የተቆነጠረበት ጥቅል ነበር። የማዕበል ማስጠንቀቂያው ያለ ማዕበል፣ የባቡር ትንተናው ያለ ባቡር ቀርቧል። ዋጋው ከፍስኩ ይበልጣል። ደምሴ ለምን እንደሚበልጥ ሲጠይቅ ባለሟል «የጾም እኮ ልፋቱ ብዙ ነው» አለችው። «አይ ይቅርብን» አላት፤ መብራቱ ብልጭ አለ።

በዚያው ሳምንት ኤልዳና ነገሩን ለሶልያና ለመንገር ምሳ ጋበዘቻት። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለገችም። የሄዱት ገበያው ጫፍ ያለው ቢታንያ ምግብ ቤት ነው። እዚያ እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ በየጠረጴዛው መካከል አንዲት ክብ መስታወት አለች፤ በልቶ ሲያበቃ መስታወቷን ቀድሞ ያየ ሰው ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ በቀይ ጭቃ ምሳ የሚያልቀው በትግል ነው። ጨዋ ሰዎች አንዱ የአንዱን ጭንቅላት ወደ ኋላ ይጎትታሉ፤ ኮፍያ ፊት ላይ ይደፋሉ። ባለቤቷ ቢታንያ ብዙ ሰሐን ከተሰበረባት በኋላ ጠረጴዛዎቹን ከወለሉ ጋር አሳስራቸዋለች።

ሁለቱ ሴቶች ሽሮአቸውን በሉ። ኤልዳና ሁሉንም ነገረቻት። ሶልያና አላለቀሰችም፤ የቀረ እንጀራዋን አጣጠፈች።

«የዘነበችስ?» አለች። «በሐምሌ ማን ያዋልዳታል?»

«እሱን ተዪው አሁን።»

«እንዴት እተወዋለሁ? ደሞዝ ቢኖርም ባይኖርም እመጣለሁ እልሽ ነበር፤ ግን እዚህ በምን እኖራለሁ? ወንድሜ ጋ አዳማ መውረዴ ነው።»

ኤልዳና ቢያንስ ምሳውን ልክፈል ብላ ወደ መስታወቷ ጎንበስ ስትል የሶልያና መዳፍ ዓይኗን ግጥም አድርጎ ሸፈነው። ስንት ሕፃን የያዘ እጅ ነው፤ አይላወስም።

«ሶሊ ልቀቂኝ! ጋባዧ እኔ ነኝ!»

«ብትከፍይ ሞቼ እገኛለሁ።»

«ደሞዝሽ ሊቆም ነው እኮ የምልሽ!»

«ገና አልቆመም። ዛሬ በእኔ ነው» አለች ሶልያና፤ በኤልዳና ትከሻ ላይ ተንጠራርታም መስታወቷን አየች። መስታወቷ «ተከፍሏል» አለች።

መዳፉ ሲነሣ የኤልዳና ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር። ተናደደች፤ አፈረች። ሥራዋን ልትነጠቅ የተቀመጠች ሴት የነጣቂዎቿን ምሳ ከፈለች ብላ ራሷን ረገመች። እንዲህ እየተብሰለሰለች የሶልያናን ደስ ያለው ፊት አየችው። በእውነት ደስ ብሏታል፤ ትግሉን አሸንፋለች። ኤልዳና በዚህ ደስታ ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች።

ባለሟልም ይህን ታውቃለች። ከየምሳው ገበታ «ብላልኝ»ን የተማረች፣ ምሳው ሲያልቅ የሚመጣውን ትግል ሳትማር አትቀርም። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከተማው ባለሟልን ምን አላት? «አንፈልግም» አላት። «ቀንሺልን» አላት። ለመናት፣ ሰደባት፣ ጾመባት። አንድ ቀን እንኳ «እኔ ልክፈል» ብሎ የታገላት ሰው የለም።

ኤልዳና ቢሮ ሳትመለስ ደምሴን ግድግዳ ወደሌለበት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ ጠርታ ያሰበችውን ነገረችው። ከንቲባው ግራር ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«የተባለውን ሁሉ እንከፍላለን ልንላቸው? በጨረታው ቀን? ሕዝብ ባለበት?»

«ጨምረንም።»

«እትዬ፣ እነሱ ‘እሺ’ ቢሉስ?»

«እሺ ካሉማ አለቀልን» አለች ኤልዳና። «ግን ለምሳ ሒሳብ ‘እሺ’ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ደምሴ ብዙ አሰበ። አንድ አጎት እንዳለው ትዝ አለው፤ ከቤተሰቡ ማንም አያነጋግረውም።

የጨረታው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ነገሩ በከተማው ተናፍሷል፤ አዋላጇ ልትሄድ ነው የተባለ ጊዜ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ ወንበር ያዙ። ዘነበች ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ መሐል ተቀመጠች፤ ሶልያና ጥግ ላይ ቆመች። መድረኩ ላይ ባለ ጠረጴዛ ሦስቱ ተጫራቾች ዳንቴል በለበሱ ሦስት ድምፅ ማጉያዎች ተወክለው ቀርበዋል። በሕጉ መሠረት ዋጋ የሚነገረው የከተማው ግዥ ኃላፊ የመክፈቻ ንግግር ካደረገች በኋላ ነው። በየዓመቱ ያ ንግግር ልመና ነበር።

ኤልዳና ተነሣች። ድምፅዋን ሰርግ እንደሚያስተናግድ ሰው ሞላ አደረገችው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «ዋጋችሁን ከመስማታችን በፊት አንድ ነገር ልናገር። ስንት ዓመት አስተናገዳችሁን፤ አበላችሁን፣ አጠጣችሁን። ዛሬ ሒሳቡ በእኛ ነው። ያሰባችሁትን ሁሉ እንከፍላለን። በዚያ ላይ ለድካማችሁ እንጨምራለን።»

ደምሴ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ቀድሞ የተናገረው አለኝታ ነው። አለኝታ ተሠርቶ ያደገው ውጭ አገር ነው፣ አማርኛ የተማረው ኋላ ነው ይባላል።

«እሺ፣ እናመሰግናለን» አለ አለኝታ፤ ዋጋውንም ጭማሪውንም ጮክ ብሎ ተናገረ።

ደምሴ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከፊት ወንበር አንዲት ነፍሰ ጡር «ጉድ ፈላ» አለች። ኤልዳና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። የሶልያናን ሥራ በገዛ አፏ የሸጠች መሰላት።

ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ ያለው ዘመድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን አለ ይሄ ልጅ?»

«እሺ ነው ያለው» አለች ባለሟል። ድምፅዋ ውስጥ ኤልዳና ሰምታው የማታውቀው ነገር ነበር፤ ድንጋጤ ነው። «ዝም ብሎ እሺ አለ እኮ! ‘ኧረ ተዉ’ እንኳ አላለም!»

«አንተ፣ ማነው ያሳደገህ?» አለ ዘመድ።

አለኝታ ጥያቄው ከጨረታው ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ጠየቀ። የሚመልስለት አላገኘም።

«እትዬ ኤልዳና፣» አለች ባለሟል፣ «በእሱ አይዘኑብን። ስንት ዓመት አብረን በልተን ዛሬ ሒሳብ የምንተሳሰብ ሆንን? ግማሹን እኔ ችያለሁ።»

ኤልዳና እፎይ ልትል ነበር፤ ዋጠችው። ግማሽ ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ያለ ሰው ግማሽ ይዞ እንደሚቀር ታውቃለች። «አይሆንም!» አለች። «ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ሙሉውን እኛ ነን፣ በሞቴ ባለሟል!»

«ሙሉውንማ እኔ!» አለች ባለሟል። «ካሁን በኋላ ከቀይ ጭቃ ሰባራ ሳንቲም ብቀበል ምን ሰው ነኝ!»

«ቆይ አንቺ ሴትዮ» አለ ዘመድ። «እኔ ሽማግሌው እያለሁ አንቺ ልትከፍዪ? ከተማውን በነፃ እኔ እይዛለሁ። የመንገድ መብራቱም በእኔ ነው።»

«መናፈሻውን እኔ አስመልሳለሁ!»

«የፖሊሱን የቀረ ግማሽ ቀን እኔ!»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያዞራል። ኤልዳና በየመሐሉ «ኧረ ተዉ፣ ኧረ እባካችሁ» ማለቷን አላቋረጠችም። በልቧ ማርያምን እየለመነች በአፏ እየተከላከለች ነው። በመጨረሻ ዓይኗን ወደ ጥግ ወረወረችና፣ «ሁሉንም ብትችሉ የአዋላጃችንን የሲስተር ሶልያናን ደሞዝ ግን አንሰጥም! እሱ የእኛ ወግ ነው!» አለች።

ያኔ ባለሟል እንደ ሰው ጮኸች። «የሶልያናን? ስንት ዓመት ደሞዟን በየወሩ በእጄ የሰጠኋት እኔ አይደለሁም? ሌላ ሰው ቢከፍልላት ሞቼ እገኛለሁ! እሷ በእኔ ናት፤ የጤና ጣቢያው ጣራም በእኔ ነው፤ አለቀ!»

ከዘመድ ረጅም ትንፋሽ የሚመስል ነገር ተሰማ። «እሺ» አለ። «ዛሬ በአንቺ ይሁን። የሚቀጥለውን ግን ብትነኪው እንጣላለን።»

ትግል ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚባለው ይኸው ነው። ኤልዳና ደግሞ ተሸናፊ የሚያደርገውን አደረገች፤ ራሷን ነቀነቀች፣ «በጣም አላግባብ ነው፣ ቅር ብሎኛል» አለች፣ ተቀመጠች። ከተቀመጠች በኋላ ነው ያለቀሰችው። ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው ራሷ ባለሟል ናት። ሕጉ አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው ስለሚል፣ ከዜሮ በታች የሆነውን ዋጋ ከነጣራው አስገብታ ራሷን አሸናፊ አለች። ዘነበች ሶልያናን አንገቷን አቅፋ አልለቅም አለች።

በሐምሌ አንድ ቀን የባለሟል ባለቤት የሆነው ድርጅት ሰው ላከ። ስሙ ሽብሩ ይባላል፤ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነው፤ ከተራራው በእግሩ ወርዶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። ኤልዳና ጤና ጣቢያ ናት ሲባል ወደዚያው ሄደ። ውሉ ስህተት ነው፤ ባለሟል ቃሏን ስለሰጠች ድርጅቱ ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም፤ የግዥ ኃላፊዋ ከፈረመች ግን ይፈርሳል። ይህን ሁሉ መንገድ ላይ ደጋግሞ አጥንቶታል።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ እልልታ ተሰማ። ዘነበች ሴት ልጅ ወልዳለች። ሽብሩ አፉን ከመክፈቱ አንዲት ሴት እጁን ይዛ አስቀመጠችው፤ ሌላዋ ገንፎ አቀረበችለት።

«አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለ።

«በሞቴ!»

«ቁርስ በልቻለሁ።»

«ማርያምን!»

በላ። ቅቤው በአገጩ እየወረደ ሳለ ኤልዳና ከውስጥ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እንቅልፍ አላየችም፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። ሽብሩ አገጩን ጠርጎ የመጣበትን ነገር አስረዳት። ሶልያና ሕፃኗን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

ኤልዳና አልተከራከረችም። «እውነትህን ነው ልጄ» አለች። «እኔም ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። እኛ መክፈል ነበረብን። የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ውሉ ያለበትን ብርጭቆ የመሰለ ሰሌዳ ከእጁ ልትወስድ እጇን ዘረጋች። ሽብሩ ሰሌዳውን ወደ ደረቱ ሳበው።

«ኧረ ይተዉ እትዬ!» አለ።

አፉ ነው እንዲህ ያለው። እሱ ገና ምን እንደተናገረ እየሰማ ነበር።

«አይ፣ ልፈርም እንጂ።»

«በፍጹም! ሞቼ እገኛለሁ!» አለ ሽብሩ፤ ተነሥቶ ቆመ፤ ፊቱ ቀልቷል። እናቱ እሱንም እንደ ባለሟል ሁሉ በአንድ ሠፈር ሰርግና ተዝካር ላይ ነው ያሳደገችው። ለአራስ ባዶ እጅ መምጣቱም ታወሰውና ኪሱ ያለውን ብር ሁሉ ገብቶ በአራሷ ትራስ ሥር አስቀምጦ ወጣ።

ጾሙ ከተፈታ ወዲህ ኤልዳና አንድ ሐሳብ ያዛት፤ የዚያን ቀን ሽሮ ለሶልያና በጥብስ መመለስ። ቢታንያ ምግብ ቤት አብረው ገቡ። የሶልያናን መዳፍ ስለምታውቀው ጥብሱ ገና ሳይቀርብ «እጄን ልታጠብ» ብላ ተነሣችና ባንኮኒው ላይ ወዳለችው መስታወት በቀጥታ ሄደች። ቀድሞ መክፈል ቀድሞ ማሸነፍ ነው።

መስታወቷን አየች። መስታወቷ «ተከፍሏል» አለች።

«ሶልያና ናት አይደል?» አለች ኤልዳና ወደ ቢታንያ ዞራ። «መቼ መጣች? ጠዋት?»

«ሲስተርማ አሁን ከአንቺ ጋር ነው የገባችው» አለች ቢታንያ፣ ብርጭቆ እየወለወለች። «ባለሟል ናት። የማዘጋጃ ቤቱን ሰው ሁሉ ምሳ ከሰኞ ጀምሮ እሷ ናት የምትከፍለው። ለማንም አትንገሪ ብላኝ ነበር።»

ኤልዳና ያልታጠበ እጇን ይዛ ቆመች። ከመስታወቷ ውስጥ ያ የምታውቀው ሙሉ ድምፅ መጣ።

«ምን አላት እትዬ፣ አንድ ምሳ እኮ ነው» አለች ባለሟል። «ዘመድ እንዳይሰማን እንጂ፣ የሚቀጥለው ሰኔ ተራው የእናንተ ይሆናል። ይልቅ ለሕፃኗ የባሕር ማዕበል ማስጠንቀቂያ አስቀምጬላታለሁ። ትንሽ ብቻ ነው።»

ኤልዳና ዘወር ብላ ሶልያናን አየቻት፤ ጥብሱ መጥቶላት በፈገግታ ትጠብቃታለች። «አልፈልግም» ልትል አፏን ከፈተች። የአዋላጇን ደሞዝ፣ የጤና ጣቢያውን ጣራና የዛሬውን ምሳ የከፈለች ሴት ፊት ቃሉ አልወጣ አላት።

«እሺ» አለች።